ከጋራዡ ጓሮ የቆመው የዘይት ታንክ የማን ነው?

በዚህ ዓምድ ብዙ ጊዜ የምንጽፈው ስለ ግሪን ካርድ ፎርምና ስለ ንግድ ፈቃድ ነው። ዛሬ ስለ ዝገት እንነጋገራለን።

አንድ የአገራችን ሰው ለብዙ ዓመታት ታክሲ ነድቶ ባጠራቀመው ገንዘብ አነስተኛ ጋራዥ ከነዕቃው ገዛ። ውሉ «ባለበት ሁኔታ» ይላል። ሊፍቱን ሞክሯል፤ ኮምፕሬሰሩን አስነስቶ አይቷል፤ ጣራው ያፈሳል ብሎ ተከራክሮም ዋጋ አስቀንሷል። ጓሮ በጡብ ላይ የቆመውን የተቃጠለ ዘይት ታንክ ግን ዞር ብሎ አላየውም። የመጀመሪያው ብርድ ሳያልፍ ታንኩ ከሥሩ ተበሳ፤ ዘይቱም በአስፋልቱ ላይ ተንሸራቶ ጎርፍ መውረጃው ውስጥ ገባ። ለጽዳት የተጠየቀው ገንዘብ ለጋራዡ ከከፈለው ቀብድ ይበልጥ ነበር። ኢንሹራንሱ ዘንድ ሲሄድ ብክለት በፖሊሲው ውስጥ እንደማይካተት ነገሩት። «ጋሼ፣ እኔ እኮ ሥራ ነው እንጂ ታንክ የገዛሁ አልመሰለኝም» ነበር ያለኝ።

ታንክ የሚበሰብሰው በአብዛኛው ከታችና ከውስጥ ነው። ሙቀትና ብርድ ሲፈራረቁ በአየሩ ውስጥ ያለው እርጥበት ወደ ውሃነት ይለወጣል። ውሃ ከዘይት ስለሚከብድ ወደ ታች ይወርድና ብረቱን በዝግታ ይበላዋል። ከላይ አዲስ ቀለም የተቀባ ታንክ ሥሩ ወንፊት ሊሆን ይችላል ማለት ነው። እንዲያውም ሻጩ ሰሞኑን ቀለም ከቀባው ይበልጥ ይጠርጥሩ።

ይህ የትንንሽ ሰዎች ችግር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. ጥር 2 ቀን 1988 በፔንሲልቬንያ፣ ፍሎሬፍ በተባለ ቦታ የአሽላንድ ኩባንያ ታንክ ናፍጣ ሲሞላበት በድንገት ተሰነጠቀ። ታንኩ 4 ሚሊዮን ጋሎን የሚይዝ፣ ከሌላ ቦታ ተነቅሎ በአሮጌ ብረት እንደገና የተገጣጠመ ነበር። ውሃ ሙሉ በሙሉ ሞልቶ የመፈተኑ ሥራም አልተፈጸመም። ከ700,000 ጋሎን በላይ ናፍጣ በአጎራባች ግቢ በነበረ ክፍት የጎርፍ መውረጃ በኩል ሞኖንጋሄላ ወንዝ ገባና ወደ 1 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ የመጠጥ ውሃ ምንጭ በከለ። የወዳጃችንን ዘይት የወሰደውም እንዲሁ ያለ መውረጃ ነው።

ስለዚህ በወር አንድ ቀን፣ በቀን ብርሃን፣ ታንክዎን ይዙሩት። እግሮቹ ሰምጠዋል ወይስ ቀጥ ብለው ቆመዋል? በብየዳው መስመርና በቧንቧው መጋጠሚያ ላይ እርጥበት ወይም ላብ የመሰለ ነገር አለ? ከሥሩ መሬቱ ጠቁሯል? በጨርቅ ጠርገው በማግስቱ ይመልከቱ፤ ጨርቁ ይነግርዎታል። መተንፈሻ ቱቦው ተርብ ወይም ወፍ ጎጆ ሠርቶበት እንዳይሆን ይዩ፤ የታፈነ ታንክ ሲሞላ ያብጣል፣ ሊቀደድም ይችላል። በእሳት ጊዜ ግፊት የሚያስወጣው ትልቁ ክዳን በነጻነት መነሳት አለበት፤ እንዳይንኳኳ ብሎ በብሎን ያሰረው ሰው ቦምብ ሠርቷል። መኪና ወደ ኋላ ሲመለስ እንዳይገጨው ፊቱ የብረት ምሰሶ ይተከል። የተቃጠለ ዘይት መያዣ ላይ ይህንኑ የሚገልጽ ጽሑፍ በእንግሊዝኛ መለጠፍ ግዴታ ነው። በታንኩ ሥር ውሃ መኖሩን ለማወቅ፣ ውሃ ሲነካው ቀለሙ የሚለወጥ ቅባት አለ፤ በዱላ ጫፍ ቀብተው ያወርዱታል። ያዩትን ከነቀኑ በደብተር ይጻፉ።

የብረቱን ውፍረት በድምፅ ሞገድ የሚለካው ግን ፈቃድ ያለው ኢንስፔክተር ነው። ጋራዥ ከመግዛትዎ በፊት ለእርሱ የሚከፍሉት ገንዘብ አይቆጭዎትም።

አሁን ወደ ሕጉ። የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት (ኢ.ፒ.ኤ.) ከመሬት በላይ ያሉ መያዣዎችዎ ተደምረው ከ1,320 ጋሎን በላይ የመያዝ አቅም ካላቸውና ዘይቱ ቢፈስ ወደ ወንዝ ወይም ወደ ባሕር ሊደርስ የሚችል ከሆነ በጽሑፍ የሰፈረ የፍሳሽ መከላከያ ዕቅድ ይጠይቃል። ልብ ይበሉ፤ የሚቆጠረው አቅሙ እንጂ ውስጡ ያለው አይደለም። ባለ 55 ጋሎን በርሜልም ይቆጠራል፤ ከዚያ ያነሰ አይቆጠርም። ባለ 275 ጋሎን 4 ታንኮች 1,100 ናቸው። 4 በርሜል ሲጨምሩ 220፣ ድምሩ ልክ 1,320። እዚህ ላይ ነጻ ነዎት፤ አምስተኛውን በርሜል ሲያስገቡ ግን መስመሩን አለፉ። ሬስቶራንት ያላችሁም ብትሆኑ የመጥበሻ ዘይት ዘይት ነው። በታክሲው ውስጥ ያለው ነዳጅ አይቆጠርም።

ጠቅላላው አቅም ከ10,000 ጋሎን ካልበለጠና ባለፉት 3 ዓመታት ከባድ ፍሳሽ ካልደረሰ ኢንጂነር መቅጠር ሳያስፈልግ ዕቅዱን ባለቤቱ ራሱ ሊፈርምበት ይችላል። ከ5,000 ጋሎን የሚበልጥ አንድም መያዣ ከሌለዎት ኢ.ፒ.ኤ. የሚሞላ ፎርም አዘጋጅቷል። የምርመራው መዝገብ 3 ዓመት ይቀመጣል፤ ዕቅዱ በየ5 ዓመቱ ይታያል። የስቴቱና የከተማው የእሳት አደጋ ሕግ ከዚህ የጠበቀ ሊሆን ስለሚችል እነርሱንም መጠየቅ ነው።

በታንኩ ዙሪያ የሚሠራው ግድብ የትልቁን ታንክ ዘይት ሙሉ መያዝና ለዝናብም ቦታ መተው አለበት። የተጠራቀመውን የዝናብ ውሃ ከማፍሰስዎ በፊት ፊቱን ይመልከቱ፤ ቀስተ ደመና የመሰለ ቀለም ካለው አይልቀቁት።

አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። የተበሳ ታንክ «ባዶ ነው» ብላችሁ ብየዳ አታስነኩ። ባዶ ታንክ በውስጡ በቀረው ጋዝ ምክንያት ከሙሉው የባሰ ሊፈነዳ ይችላል። ለማጽዳት ብሎ ውስጡ የሚገባም ሰው በጋዙ ታፍኖ ሊቀር ይችላል።

ዘይት ውሃ ላይ ደርሶ ቀለም ከሠራ ወዲያው ወደ ብሔራዊው የአደጋ መቀበያ ማዕከል በ1-800-424-8802 መደወል ሕጋዊ ግዴታ ነው፤ ሌሊትም ይሠራል። ሰው ስደተኛ ሲሆን መንግሥትን መጥራት ይፈራል። ግን ደውሎ የተገኘና ደብቆ የተገኘ እኩል አይታዩም።

ምድር ቤቱ ውስጥ የማሞቂያ ዘይት ታንክ ያለው ሱቅ ለያዛችሁ ደግሞ፦ ታንኩን አስነቅላችሁ በጋዝ ከቀየራችሁ ከግድግዳው ውጭ የቀረውን የመሙያ ቧንቧም አስነቅሉ። አድራሻ የተሳሳተ ዘይት አመላላሽ መጥቶ በዚያ ቧንቧ ሲሞላ፣ የሚሞላው ምድር ቤታችሁን ነው።