የጥርስ ሕመምተኛ ስለ ምን ዘግይቶ ይመጣል?

ለሥራ በገጠር አጥቢያዎች ስንዘዋወር፣ ጉንጫቸው አብጦ በነጠላ ያሠሩ ምእመናንን በየጊዜው እናያለን። ወደ ሐኪም ያልሄዱበትን ምክንያት ስንጠይቅ፣ ሕመሙ የጥርስ ስለ ሆነ በራሱ ጊዜ ይተወኛል የሚል መልስ እናገኛለን። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ሪፖርት መሠረት፣ በዓለም ላይ 3.5 ቢሊዮን የሚደርሱ ሰዎች የአፍ ውስጥ ሕመም አለባቸው። ታዲያ ይህን ያህል የተስፋፋ ሕመም ስለ ምን ይናቃል?

ቀዳሚው ምክንያት ገንዘብ ነው፤ ይሁን እንጂ ወጪው በሕክምናው ዋጋ ብቻ አይወሰንም። የጥርስ ሐኪሞች በአብዛኛው የሚገኙት በከተማ ነው። ከገጠር የሚመጣ ሕመምተኛ የመኪና ይከፍላል፣ ማደሪያ ይፈልጋል፣ የሥራ ቀኑን ያጣል። እናት ከሆነች ደግሞ ልጆቿን የሚጠብቅላት ሰው ያስፈልጋታል። ጥርስን አክሞ ለማትረፍ ብዙ ጊዜ መመላለስ ግድ ሲሆን፣ መንቀል ግን በአንድ ቀን ያልቃል። ስለዚህ ሊሞላ ይችል የነበረ ጥርስ የሚነቀለው፣ ሕመምተኛው ለሁለተኛው ጉዞ አቅም በማጣቱ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ልማድ ነው። ወባ የያዘውን ጎረቤት ይጠይቀዋል፤ ጥርሱን የታመመውን ግን የሚጠይቀው የለም። ሕመምተኛውም ቅርንፉድ ነክሶ፣ በጨው ውኃ ተጉመጥሙጦ ይሰነብታል። እነዚህ ሕመሙን ለጊዜው ቢያስታግሡም የተቦረቦረውን ጥርስ አይጠግኑም። ከተነቀልኩ እደማለሁ፣ ከቍርባንም እታገዳለሁ ብሎ ሕክምናውን ከጾም በኋላ የሚያደርግም አለ። እንዲህ ያለ ስጋት ያለበት ምእመን ቀኑን ከንስሐ አባቱ ጋር ተመካክሮ ቢወስን መልካም ነው። ጠበልና ሕክምናም አይጣሉም።

መዘግየቱ ዋጋ ያስከፍላል። በአፍ ውስጥ ያሉ ተህዋስያን ከስኳር አሲድ ይሠራሉ፤ አሲዱም የጥርሱን ጠንካራ ሽፋን ቀስ በቀስ ይበላዋል። ቀዳዳው ወደ ነርቩ ሲደርስ መግል ይቋጥራል። መግሉ ወደ መንጋጋና ወደ አንገት ከተስፋፋ የአየር ቧንቧን ሊዘጋ፣ ሕይወትንም ሊያጠፋ ይችላል። ስለሆነም ፊቱ ወይም አንገቱ ያበጠ፣ ትኩሳት ያለበት፣ አፉን መክፈት፣ መዋጥ ወይም መተንፈስ የተቸገረ ሰው ሳያድር ወደ ሆስፒታል ሊወሰድ ይገባል።

ምን እናድርግ? በቅድሚያ፣ መከላከል ከሁሉ ይረክሳል። ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና በቀን ሁለት ጊዜ መቦረሽና ጣፋጭ መቀነስ ብዙ ጥርስ ያተርፋል። መፋቂያ የለመደም ልማዱን ይቀጥል፤ ሳሙናውን ግን ይጨምርበት። ቀጥሎ፣ በአንድ አጥቢያ ያሉ ሕመምተኞች ቀን ቈርጠው በአንድ መኪና ቢሄዱ የጉዞው ወጪ ይቀልላቸዋል። በመጨረሻም፣ እድሮቻችን ለቀብር እንደሚያዋጡ ሁሉ፣ ለሕክምና ጉዞ የሚውል ጥቂት ብር በብድር መልክ ቢያስቀምጡ፣ ከነቀላ ይልቅ ለሙሌት የሚደርሱ ሰዎች ይበዛሉ። የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችም ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ጋር ተባብረው ሕመምተኞችን ቢመዘግቡ ሥራው ይጀመራል። እድር ለሞት የሚሰበስበንን ያህል፣ ጎረቤታችን ገና ጉንጩን ይዞ ሳለ ቢሰበስበን እንዴት መልካም ነበር።