ወልድያ ያለው ይግባኝ ሰሚ

መርሳ ባለው የሀብሩ ወረዳ ፍርድ ቤት የተረታ ሰው ከችሎት ሲወጣ ባላጋራውን «ወልድያ እንገናኛለን!» ይለዋል። ዛቻው የሚያርፈው ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው በሚያስችሉት በሰሜን ወሎ ዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ ጠረጴዛ ላይ ነው።

ሹመታቸው የታወቀ ነው፤ የዳኞች አስተዳደር ጉባኤ ያቀርባል፣ የክልሉ ምክር ቤት ይሾማል። በ2011 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት የሆኑት ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊም በወጣትነታቸው በከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኝነት ሠርተዋል። ስለ ማዕረጉ ይህ ይበቃል።

እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ከሀብሩ የሚመጣው ባለጉዳይ ምስክሮቹን አስከትሎ፣ ስንቅ አሲዞ ይመጣል። ነገሩ ከሥሩ የሚሰማ ይመስለዋል። የወሰን ክርክር የነበረባቸው አንድ አባት ጎረቤቶቻቸውን በር ላይ አስቀምጠው ሲገቡ አይቻለሁ። ሰብሳቢዋ ዳኛ መዝገቡን ገልጠው፣ «አባቴ፣ ፍርዱ የቱ ላይ ነው የተሳሳተው?» አሏቸው።

«ምስክሮቼ ውጭ ናቸው፣ ክቡር ፍርድ ቤት።»

«ወረዳው ሳይሰማልዎት የቀረ ምስክር አለ?»

«ኧረ ሁሉንም ሰምቷል። አላምንም አለ እንጂ!»

ይግባኝ የሚታየው ከመዝገብ ነው። በ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 345 መሠረት ተጨማሪ ማስረጃ የሚገባው በልዩ ምክንያት ብቻ ነው፤ ለምሳሌ የሥር ፍርድ ቤት ሊቀበለው የሚገባውን ማስረጃ አልቀበልም ብሎ እንደሆነ። ዳኛው አስቀድመው የሚለዩት ቅሬታው «ያስቀርባል» ወይስ «አያስቀርብም» የሚለውን ነው። ካላሳመናቸው በአንቀጽ 337 መልስ ሰጪውን ሳይጠሩ መዝገቡን ይዘጋሉ። ሰው «ሳያዩልኝ ዘጉብኝ» ብሎ ያማርራል። በእኔ ዐይን ግን ከዳኛው ሥራ ሁሉ ከባዱ፣ ምስጋናም የሌለው ይኸው ነው። ፊቱን ያላዩትን ምስክር ቃል ከወረቀት ላይ እየመረመሩ፣ ወረዳው ማስረጃውን በሕጉ መሠረት መዝኖ እንደሆነ ይለያሉ። የረታውን ገበሬም በከንቱ ከእርሻው አያመላልሱም።

ከዚያ በላይ ያለው ሰበር ደግሞ የሚያየው መሠረታዊ የሕግ ስህተትን ብቻ ነው። ስለዚህ «ሰበር ድረስ እሄዳለሁ» የምትሉ፣ እዚያም ምስክር ይዛችሁ እንዳትሄዱ።

በፍትሐ ብሔር ጉዳይ የይግባኝ ማቅረቢያው 60 ቀን ነው። አቤቱታ ጸሐፊው ዘንድ ስትቀመጡ በደላችሁን ከአያት ከቅድመ አያት አትጀምሩት። የፍርዱን ግልባጭ አስነብቡና የሳተበትን ቦታ አሳዩ፤ ጎረቤቶቻችሁንም ለእርሻቸው ተዉአቸው።