ድግግሞሽን የሚወስነው ማን ነው?

በሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ ትምህርት ውስጥ የሞገድን ያህል ስሌቱ ቀላል፣ ትርጉሙ ግን ከባድ የሆነ ርእስ ጥቂት ነው። ድግግሞሽ ማለት በአንድ ሰከንድ ውስጥ የሚያልፉ ሙሉ ሞገዶች ቁጥር ሲሆን መለኪያው ሄርትዝ ነው፤ የሞገድ ርዝመት ከአንዱ ሞገድ አናት እስከ ቀጣዩ አናት ያለው ርቀት ነው፤ የሁለቱ ብዜት ደግሞ የሞገዱን ፍጥነት ይሰጣል። ተማሪው ሁለቱን ካገኘ ሦስተኛውን በማባዛት ወይም በማካፈል ያወጣል፣ መልሱም ትክክል ይሆናል። ነገር ግን የአንድ ድምፅ ድግግሞሽ እጥፍ ቢሆን ፍጥነቱ ምን ይሆናል ተብሎ ሲጠየቅ፣ ቀመሩን በቃሉ የያዘው ተማሪ ብዙውን ጊዜ ፍጥነቱም እጥፍ ይሆናል ብሎ ይመልሳል፤ ቀመሩን ላይ ላዩን ላየው እንዲያ የሚል ይመስላልና።

ስሕተቱ የሚመነጨው ሦስቱ መጠኖች እኩል ሥልጣን ያላቸው መስለው በመቅረባቸው ነው። ድግግሞሽን የሚወስነው የሞገዱ ምንጭ ነው፤ ፍጥነትን የሚወስነው ሞገዱ የሚጓዝበት ነገር፣ ማለትም አየሩ፣ ውሃው ወይም ብረቱ ነው፤ የሞገድ ርዝመት ግን ሁለቱ ከተወሰኑ በኋላ ተከትሎ የሚመጣ ውጤት ነው። ብርሃን በመስታወት ውስጥ ሲያልፍ ፍጥነቱ እንደ ቀለሙ በጥቂቱ መለያየቱ እውነት ቢሆንም፣ ይህ ልዩ ሁኔታ ዋናው ሐሳብ ከጸና በኋላ ቢመጣ ይሻላል።

ለዚህ ትምህርት የሱዳን መዲና ካርቱም፣ በተለይም ዐማራትና አጎራባቹ ዴም የተባሉት ሰፈሮቿ፣ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2023 የተነሣው ጦርነት ነዋሪውን እስኪበትነው ድረስ፣ ለኢትዮጵያውያን ልጆች የተመቸ ቦታ ነበር። የመማሪያ መጻሕፍት የድምፅን ፍጥነት በሰከንድ 340 ሜትር ብለው ያስቀምጣሉ። ይህ ቁጥር አየሩ 15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲሆን ልክ ነው፤ ለአዲስ አበባ ማለዳ ይስማማል እንጂ ለካርቱም የበጋ ቀትር አይስማማም። የድምፅ ፍጥነት በዜሮ ዲግሪ 331 ሜትር ገደማ ሆኖ በእያንዳንዱ ዲግሪ ወደ 0.6 ሜትር ስለሚጨምር፣ በ40 ዲግሪ 355 ሜትር ይደርሳል። በ440 ሄርትዝ የተቃኘ የክራር ክር የሚያወጣው ድምፅ በመጀመሪያው አየር የ77 ሴንቲ ሜትር፣ በሁለተኛው የ81 ሴንቲ ሜትር የሞገድ ርዝመት ይኖረዋል፤ ክሩ በሰከንድ የሚርገበገብበት ቁጥር አልተለወጠም፣ የተለወጠው አየሩ ነው። ልዩነቱን ለአዲስ አበባ ከፍታ የሚሰጡ አሉ፤ ሆኖም ወደ ላይ በተወጣ መጠን የአየሩ ግፊትና እፍጋት አብረው ስለሚቀንሱ፣ የሙቀት መጠኑ እኩል እስከሆነ ድረስ ከፍታው ብቻውን በፍጥነቱ ላይ ለውጥ አያመጣም።

ከሁሉ የላቀው የማስተማሪያ መሣሪያ ግን የአጭር ሞገድ ሬዲዮ ነው። የጀርመን ድምፅ እ.ኤ.አ. ከ1965 ጀምሮ፣ የአሜሪካ ድምፅም ከ1982 ጀምሮ በአማርኛ ሲያሰራጩ፣ ከአገር ውጭ የሚኖረው አድማጭ ጣቢያዎቹን የሚፈልገው በሜትር ባንድ ነበር። በሬዲዮው ገጽ ላይ 25 ሜትር የሚለው ምልክት ከ11,600 እስከ 12,100 ኪሎ ሄርትዝ ባለው ክልል አጠገብ ይጻፋል፤ የሬዲዮ ሞገድ በሰከንድ 300,000,000 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ፣ 12 ሜጋ ሄርትዝ በትክክል 25 ሜትር ይሰጣል። እዚህ ላይ በክፍል ውስጥ በየጊዜው የሚደጋገም አንድ ስሕተት ይጋለጣል፦ ኪሎ ሄርትዝን ወደ ሄርትዝ ሳይለውጥ 300,000,000ን ለ11,800 የሚያካፍል ተማሪ ከ25,000 ሜትር በላይ ያገኛል፤ መምህሩ ምንም ሳይናገር፣ ሬዲዮው ራሱ 25 ሜትር ብሎ ያርመዋል። እንዲህ ያለው እርማት በቀይ እስክሪብቶ ከሚደረገው ይልቅ በልጁ አእምሮ ውስጥ ይቆያል፤ ለመምህራን ደጋግሞ ሊመከር የሚገባውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ አዲስ አበባ ላይ የሚሰማው ኤፍ ኤም አዲስ 97.1 ካርቱም ላይ ለምን አይሰማም የሚለው ነው። 97.1 ሜጋ ሄርትዝ የ3.1 ሜትር ያህል የሞገድ ርዝመት ሲኖረው፣ በከፍተኛው ከባቢ አየር ውስጥ ያለውና በፀሐይ ጨረር በኤሌክትሪክ የተሞላው ንብርብር እንዲህ ያለውን ሞገድ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ምድር አይመልሰውም፤ ሞገዱ ከአድማስ በላይ ቀጥ ብሎ ወደ ጠፈር ያልፋል። የ25 ሜትሩን ሞገድ ግን ያው ንብርብር ወደ ምድር ያጎብጠዋል። ሁለቱም በአንድ ፍጥነት ተጉዘው፣ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን ወደ 1,000 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ርቀት ከሰከንድ አንድ መቶኛ ባነሰ ጊዜ ሊያቋርጡ በቻሉ ነበር፤ አንደኛው ደርሶ ሌላው የሚቀረው ጣቢያው በመረጠው ድግግሞሽ ምክንያት ነው።