የውኃ መሳቢያ ሞተር በቤት ሲጠገን ስለሚያስፈልገው የዕቃ አያያዝ

በባቲና በከሚሴ አካባቢ ውኃን በሞተር እየሳቡ ሽንኩርትና ሌላም አትክልት የሚያለሙ ገበሬዎች አሉ። ሞተሩ በበጋ የቆመ እንደ ሆነ ተክሉ የሚታገሠው ጥቂት ቀን ብቻ ስለ ሆነ፥ ባለ እርሻው ሠራተኛ እስኪመጣለት ሳይጠብቅ በገዛ ቤቱ መፍታት ይጀምራል። ይህም የሚነቀፍ ሥራ አይደለም። ነገር ግን በቤት የተፈታ ሞተር ሳይገጠም የሚቀረው ብዙ ጊዜ ዕውቀት ከማነሱ የተነሣ ሳይሆን፥ የወጣው ዕቃ ከየት እንደ ወጣ ስለሚረሳ ነው። አንድ ብሎን ቢጠፋ አምሳያውን ለመፈለግ ከባቲ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ኮምቦልቻ መሄድ ያስፈልጋል፤ በዚያ መካከል ተክሉ ይደርቃል።

አስቀድሞ ቀኑን መምረጥ ይገባል። በባቲ ሰኞ የገበያ ቀን ነው፤ ከአፋር ቆላ ግመልና ፍየል የሚነዱ፥ ከደጋም እህል የሚያመጡ ሰዎች ስለሚገናኙ ቤቱ ሁሉ በእንግዳ ይመላል። እሑድ ማታ ሞተር የፈታ ሰው ሰኞ ጧት ዕቃውን ሰብስቦ ለእንግዳው ስፍራ ለመልቀቅ ይገደዳል። ስለዚህ ማክሰኞ መጀመር ይሻላል።

ሞተሩ ከመፈታቱ በፊት በውጭ ያለው ጭቃና አቧራ በናፍታ በተነከረ ብሩሽ ይጠረግ። ቀጥሎም ነጭ አቡጀዲ ነፋስ በማይገባበት ስፍራ ይነጠፍ፤ በነጭ ጨርቅ ላይ የወደቀች ትንሽ ሞላ ወዲያው ትታያለችና። የወጣው ዕቃ ሁሉ በወጣበት ተራ ከግራ ወደ ቀኝ ይደርደር፤ በሚገጠምበትም ጊዜ ከቀኝ ወደ ግራ እየተነሣ ይመለሳል። ብሎንና ሮንዴላ በየክፍሉ በልዩ ልዩ ጣሳ ተከፍሎ ይቀመጥ፤ በጣሳውም ላይ የክፍሉ ስም ይጻፍ። ከኮምቦልቻ በባቲ በኩል ወደ አሰብ የሚወርደው የመኪና መንገድ በጣልያን ወረራ ዘመን፥ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፥ የተሠራ ነው፤ ካቻቢቴና ሮንዴላ የሚባሉትም ስሞች ከጣልያንኛ የተወሰዱ ናቸው። በጣሳው ላይ የሚጻፈው ግን በአማርኛም ይሁን በኦሮምኛ ቤተ ሰቡ የሚያነበው ይሁን። ከእያንዳንዱ መፍታት በፊት በእጅ ስልክ ፎቶግራፍ ማንሣትም ታላቅ ረዳት ነው፤ ሆኖም ፎቶግራፉ የብሎኑን ርዝመት ስለማያሳይ ጣሳውን አይተካም።

ልዩ ጥንቃቄ የሚያሻቸው ሦስት ናቸው። በናፍታ ሞተር ላይ ናፍታ ረጪው ፓምፕ በሚቀመጥበት ስፍራ እንደ ወረቀት የሳሱ ቅጠለ ብረቶች ይገኛሉ። ሰው እንደ ቆሻሻ ቈጥሮ ይጥላቸዋል፤ ነገር ግን ናፍታው የሚረጭበትን ጊዜ የሚወስኑ እነርሱ ስለ ሆኑ፥ አንዱ ቢጐድል ወይም ቢጨመር ሞተሩ ለመነሣት ያስቸግራል ወይም ያጨሳል። ስለዚህ ተቈጥረው በክር ይታሰሩ። ሁለተኛው ቫልቭ ነው፤ እያንዳንዱ ከመቀመጫው ጋር ስለ ተላመደ የአንዱ ከሌላው ሊለዋወጥ አይገባም። ሦስተኛው እርስ በርሳቸው የሚነካከሱት ጥርሳም መዘውሮች ናቸው፤ ከመውጣታቸው በፊት የሚገናኙበት ጥርስ ምልክት ይደረግበት።

የተከፈተው ቀዳዳ ሁሉ በንጹሕ ጨርቅ ይሸፈን፤ ወደ ሲሊንደሩ የገባ አሸዋ ፒስተኑንና ግድግዳውን ይፍቃል። በቴስታታው ያሉት ብሎኖች ሲገጠሙ በመስቀል አቅጣጫ እየተፈራረቁ በሁለት በሦስት ዙር ይጥበቁ፤ አንዱ ወገን ብቻ ቢጠብቅ ክዳኑ ይጣመማል። ለማጠቢያ የተቀዳው ናፍታ በለስላሳ ጠርሙስ ፈጽሞ አይቀመጥ፤ ልጅ ውኃ መስሎት ይጠጣዋልና።

የወረዳ ሹማምንት ለማኅበር የሚገዛውን ሞተር በሚያስረክቡበት ጊዜ መፍቻውን፥ የአሠራር መጽሐፉንና የዕቃውን ዝርዝር አብረው በፊርማ ቢያስረክቡ፥ መጽሐፉም በጽሕፈት ቤት ተቈልፎ እንዳይቀር ቢጠብቁ መልካም ነው። ባለ እርሻውም ገጥሞ ሲጨርስ ከማስነሣቱ በፊት ጣሳዎቹን ይመልከት፤ በአንዱ ውስጥ ብሎን ተርፎ ቢገኝ ስፍራው እስኪታወቅ ድረስ ሞተሩ አይነሣ።