ፈረስ የማይሻገረው፣ እርጥበት ግን የሚሻገረው ደሴት

አዳሚ ቱሉ የዝዋይ ሐይቅ ውኃ በቡልቡላ ወንዝ ወደ አብያታ በሚወርድበት አካባቢ ትገኛለች። ሐይቁ ጥልቅ አይደለም፤ በጥልቁ ስፍራ እንኳ 9 ሜትር ገደማ ነው። ፈረሰኛ ለማስቆም ግን ይበቃል። በሐይቁ ቱሉ ጉዶ ደሴት ያለችው የደብረ ጽዮን ማርያም ትውፊትም ከዚህ ጋር ይስማማል፦ በዮዲት ጉዲት ዘመን ከአክሱም የሸሹ ካህናት ታቦተ ጽዮንን ይዘው እዚህ ተጠለሉ ይላል። ትውፊቱን የሚጠራጠር ይጠራጠር፤ የሐይቁ ነዋሪዎች ዛዮች በደሴቶቹ ያቆዩአቸው የብራና መጻሕፍት ግን በእጅ የሚዳሰሱ ናቸው።

ሁሉም ደሴት መደበቂያ አይደለም። በመካከለኛው ዘመን ማብቂያ ቬኒስ ትገዛት የነበረችው ቀርጤስ የሥዕል ገበያ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1499 ነጋዴዎች ለሦስት ሠዓሊዎች 700 የእመቤታችንን ሥዕሎች በ45 ቀን እንዲያደርሱ አዘዙ፤ ከፊሉን በላቲን፣ ከፊሉን በግሪክ ፈሊጥ፣ እንደ ገዢው ምርጫ! የቀርጤስ ሥዕሎች ኢትዮጵያም ደርሰዋል። በጣና ደግሞ የዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን (1434–1468 እ.ኤ.አ.) ሠዓሊው ፍሬ ጽዮን የሣለውን ገበታ ይዟል።

የገበታ ሥዕል ጠላቱ እርጥበት ነው። እንጨት ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ በላዩ የተቀባው ጄሶ አብሮት ስለማይሄድ ይሰነጠቃል። የቀርጤስ ሠዓሊዎች በመካከል ጨርቅ የሚለጥፉት ይህን ለማለዘብ ነበር።

ብራናም ከእርጥበት አያመልጥም። ያልተለፋ ቆዳ ነው፤ ጸጉሩና ስቡ ተፍቆ፣ በመወጠሪያ ላይ ተወጥሮ ይደርቃል። በውጥረቱ ኮላጅን የተባሉት የቆዳው ክሮች በገጹ አቅጣጫ ይጋደማሉ። እርጥበት ሲነካቸው ግን ወደ ቀድሞ ቅርጻቸው ይሳባሉ፤ ቅጠሉም ይጨማደዳል። መጽሐፉን ከላይና ከታች የሚጫኑት የእንጨት ገበታዎች ጌጥ ብቻ አይደሉም፤ ቅጠሎቹን ጠፍጥፈው ይይዛሉ። የቆዳው ማኅደር ደግሞ የአየሩን ለውጥ ያዘገያል፤ በግድግዳ ላይ ሲንጠለጠል ከአይጥም ያርቃል። ጥቁሩ ቀለም ከጥላሸት ስለሚሠራ ካርቦን ነው፤ ብርሃን አያደበዝዘውም። አውሮፓውያን ይጽፉበት የነበረው ብረት ያለበት ቀለም ግን አሲዳማ በመሆኑ ብዙ ወረቀት በልቷል።

እንደ እኔ የሚያሰጋው የብራናው ሥዕል ነው። ቀለሙ ወደ ብራናው ጠልቆ አይገባም፤ በላዩ ይጋገራል። ቅጠሉ በታጠፈ ቁጥር ይሰነጠቃል፤ ወፈር ብሎ የተቀባው ቀድሞ ይረግፋል። የደሴቱ ካህን ገጹን በከፊል ገልጠው ቢዘጉብን ንፍገት አይደለም።