ወደ ሲልፍራ ውኃ የሚወርድ ሰው

(ድምፅ፦ ነፋስ፤ በብረት ደረጃ ላይ የእግር ኮቴ፤ ቀጥሎ ጸጥ ያለ ውኃ።)

ተራኪ፦ በሰሜን አትላንቲክ ውቅያኖስ በምትገኘው በአይስላንድ ደሴት፣ የአገሩ ሰዎች ከ930 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሸንጎ ይሰበሰቡበት በነበረው በቲንግቬትሊር ሜዳ፣ ሁለት ታላላቅ የምድር ንጣፎች በየዓመቱ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል እየተራራቁ መሬቱን ሲሰነጥቁት፣ ሲልፍራ የሚባለው ስንጥቅ በጽሩይ ውኃ ተሞልቶ ይታያል። ይህ ውኃ ከላንግዮኩል የበረዶ ግግር ቀልጦ፣ በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ውስጥ ለብዙ ዓሥርተ ዓመታት እየተጣራ የመጣ በመሆኑ፣ የጠላቂው ዐይን ከ100 ሜትር በላይ አሻግሮ ያያል። ነገር ግን ክረምት ከበጋ ቅዝቃዜው ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነውና፣ በውበቱ ተስቦ ሳይዘጋጅ የሚገባበትን ሰው አይምርም።

ውኃ የሰውን ሙቀት ከአየር ይልቅ 25 ጊዜ ያህል ፈጥኖ ይወስዳል። ስለዚህ ጠላቂው ከውስጥ የሚያሞቅ ልብስ ደርቦ፣ በአንገቱና በአንጓው ጥብቅ የሆነውን፣ ውኃ የማያስገባውን ደረቅ ልብስ ይለብሳል። ወደ ታች በወረደ መጠን ግፊቱ በልብሱ ውስጥ ያለውን አየር ስለሚጨምቀው፣ በደረቱ ላይ ባለው ቫልቭ አየር በጥቂት በጥቂቱ መጨመር፣ ሲወጣም በክንዱ ቫልቭ ማስወጣት ይገባዋል። አየሩ ወደ እግሩ ከሸሸበት ግን ቁልቁል ተዘቅዝቆ፣ ያለ ፈቃዱ ወደ ላይ ይወሰዳልና፣ ይህን ጥበብ አስቀድሞ ጥልቀት በሌለው ውኃ ከመምህር ጋር ሊለማመደው ግድ ነው።

(ድምፅ፦ በውኃ ውስጥ ትንፋሽ፤ የአረፋ ድምፅ።)

ተራኪ፦ ፊቱ ውኃውን ሲነካ፣ ጭንብሉ ያልሸፈነው ከንፈሩ በብርቱ ይቆጠቁጠዋል፤ ጥቂት ቆይቶም ይደነዝዛል። ትንፋሹ ሲቆራረጥበት፣ እስኪረጋ ድረስ በውኃው ገጽ ላይ ይቆይ እንጂ ለመጥለቅ አይቸኩል።

ከደረቅ ልብሱ ቀጥሎ ሁለተኛው ብርቱ ነገር ሬጉሌተር የሚባለው የመተንፈሻ መሣሪያ ነው። ጠላቂው በተሸከመው ሲሊንደር ታምቆ የነበረው አየር ሲለቀቅና ሲስፋፋ እጅግ ስለሚቀዘቅዝ፣ በቫልቩ ላይ በረዶ ሊጋገርና ክፍት አድርጎ ሊያስቀረው ይችላል፤ ያን ጊዜ አየሩ ያለ ማቋረጥ ይንፎለፎላል። ስለዚህ ጀማሪው ለቀዝቃዛ ውኃ የተሠራ መሣሪያ ይምረጥ፤ ከውኃ በላይ ሳለ አይተንፍስበት፤ ልብሱንም በአንድ ጊዜ በብዙ አየር አይሙላ። ችግሩ ከደረሰበት፣ ከሚንፎለፎለው አየር እየቀነሰ ይሳብ፣ አብሮት ለሚጠልቀው ባልንጀራው ምልክት ይስጥ፣ ትንፋሹን ፈጽሞ ሳይዝ በደቂቃ ከ9 ሜትር በማይበልጥ ዝግታ ይውጣ።

ከባሕር የመጣ ጠላቂም፣ ጨው የሌለው ውኃ ሰውን የሚያንሳፍፈው ከባሕር ውኃ ባነሰ ኀይል መሆኑን ዐውቆ፣ ለመስመጥ የሚታጠቀውን የእርሳስ ክብደት በውኃው ገጽ ላይ እንደ ገና ይመዝን።

(ድምፅ፦ ከውኃ የመውጣት ድምፅ፤ ከልብስ የሚንጠባጠብ ውኃ።)

ተራኪ፦ ሲልፍራ የሚገኝበት የቲንግቬትሊር ብሔራዊ ፓርክ ሕግ ከ18 ሜትር በታች መውረድን ይከለክላል፤ በደረቅ ልብስ የመጥለቅ ማስረጃ የሌለውንም ሰው ወደ ጥልቁ አያስገባም። ይህ ሥርዓት ለሰው ሕይወት የቆመ ነውና በየትም ቀዝቃዛ ሐይቅ ሊጠበቅ ይገባል። እናንተም ጀማሪዎች ሆይ፣ ጣቶቻችሁ መታዘዝ እንቢ ሲሉ ወይም ሰውነታችሁ መንቀጥቀጥ ሲጀምር፣ በሲሊንደሩ የቱንም ያህል አየር ቢቀር፣ ያን ጊዜውኑ ውጡ።