ጭቃ የለበሰ ጭድ

ሞንታርዢ ከፓሪስ በስተደቡብ 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ የፈረንሳይ ከተማ ናት። ኤሚል ፌዬት የተባለ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1920 የሠራው ቤት ዛሬም እዚያው ቆሟል። ሲያዩት የተለሰነ ግድግዳ ያለው አነስተኛ ቪላ ነው። በውጭውና በውስጡ ልስን መካከል ያለው ግን ድንጋይ ወይም ጡብ አይደለም። አናጺዎች ባቆሙት ቀላል የእንጨት ማዋቀሪያ ውስጥ ተጠቅጥቆ የገባ የጭድ እስር ነው።

ፌዬትን ወደ ጭድ የመራው ችግር ነበር። አንደኛው የዓለም ጦርነት የሰሜን ፈረንሳይን ከተሞችና መንደሮች አፍርሶ አልፏል። መጠለያ የሚፈልገው ሕዝብ ብዙ ነው፤ የግንባታ ዕቃው ግን ጥቂትና ውድ ነው። ጭድ ደግሞ ከየአዝመራው በኋላ ከማሳው ላይ አይጠፋም። መሐንዲሱ ትንንሽ ሳንቃዎችን እያጋጠመ ማዋቀሪያውን ሠራ፤ መሐሉን በጭድ ሞላ፤ ላዩን አስለሰነ። የፈረንሳይ የሳይንስ መጽሔት የነበረው «ላ ሲያንስ ኤ ላ ቪ» በ1921 ሥራውን ለአንባቢ አስተዋወቀ።

ጭድና ጭቃ አብረው ሲነሱ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ ነገር አይደለም። የደጋው ጭቃ ቤት ወጋግራው ቆሞ፣ ማገሩ ተማግሮ ሲያልቅ ምርጊቱ ይጀመራል። ጭቃው ከጭድ ጋር ይቦካል፤ በእግር ይረገጣል፤ ቀናት ያድርና እንደገና ይረገጣል። ጭዱ በጭቃው ውስጥ የሚገባው ሲደርቅ እንዳይሰነጠቅ ሊያያይዘው ነው። ከጭድ እስር በተሠራ ቤት ውስጥም እነዚሁ ሁለት ነገሮች ይገናኛሉ፤ ድርሻቸው ግን ተገልብጧል። ግድግዳው ራሱ ጭድ ነው፤ ጭቃው ደግሞ ልብሱ።

የጭድ እስር ግንባታ የትውልድ ቦታ ግን ፈረንሳይ ሳትሆን በአሜሪካ የነብራስካ ግዛት የሚገኘው ሳንድሂልስ ነው። ሳር የሸፈነው የአሸዋ ኮረብታ አገር ነው፤ ዛፍ እንደ ልብ አይገኝበትም። በሌላው የሜዳ አገር ሰፋሪዎች የሳር ሥር ያያዘውን አፈር እየቆረጡ እንደ ጡብ ይገነቡበት ነበር። የሳንድሂልስ አፈር ግን አሸዋ ስለሆነ ሲቆርጡት ይፈርሳል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በፈረስ ጉልበት የሚሠራ የሳር ማሰሪያ ማሽን ወደ አካባቢው ገባ። በ1904 የወጣው የኪንኬይድ ሕግ ደግሞ ለአንድ ሰፋሪ 640 ኤከር፣ ማለትም 259 ሄክታር ያህል መሬት ስለሚሰጥ ቤት ፈላጊው በዛ። ሰፋሪዎቹ የታሰረውን ሳር ባለ አራት ማዕዘን ሆኖ ሲያዩት እንደ ትልቅ ጡብ ደረደሩት። ብዙዎቹ ደህና ቤት እስኪሠሩ ድረስ ለጊዜው መጠለያ ይሆነናል ብለው ነበር። ክረምቱ መጥቶ ቤቱ ሙቀት ሲይዝ፣ በጋ ገብቶ ሲቀዘቅዝ ግን ለስነውት ኖሩበት።

ከመጀመሪያዎቹ አንዱ በቤያርድ ከተማ አጠገብ የተሠራ ባለ አንድ ክፍል ትምህርት ቤት ነው። ሳይለሰን ስለቀረ ላሞች በልተውታል። የደረቀ ሳር፣ ማለትም ድርቆሽ፣ ንጥረ ነገር ያለው መኖ ነው፤ ከብቱንም አይጡንም ይጠራል። ፍሬው የተለቀመለት የስንዴ፣ የገብስ ወይም የራይ ጭድ ግን ለነፍሳትም ለሻጋታም ብዙ ምግብ አይሰጥም። አርተር በተባለች የነብራስካ መንደር በ1928 ከራይ ጭድ እስር የተሠራው ቤተ ክርስቲያን እስከ ዛሬ አለ፤ በአሜሪካ የታሪካዊ ቦታዎች መዝገብም ሰፍሯል።

ጭድ ቤትን የሚያሞቀው ጋቢ ሰውን በሚያሞቅበት መንገድ ነው። ጋቢ የራሱ ሙቀት የለውም፤ በአራቱ ድርብ መካከል የያዘው አየር የሰውነትን ሙቀት እንዳይወጣ ያግደዋል። የስንዴ አገዳም ውስጡ ክፍት ነው። በሺዎች የሚቆጠር አገዳ ሲታሰር በውስጡና በመካከሉ የማይንቀሳቀስ አየር ይቀራል። የሚንቀሳቀስ አየር ሙቀት ይዞ ይሄዳል፤ የታሰረ አየር ግን ያግዳል። በእኩል ውፍረት ሲለኩ ጡብ ከጭድ እስር 10 እጥፍ ያህል፣ ኮንክሪት ደግሞ ከ20 እጥፍ በላይ ሙቀት ያሳልፋል። ፋብሪካ ከሚያመርተው የማዕድን ሱፍ ጋር በሴንቲ ሜትር ከተነጻጸረ ጭድ ይሸነፋል። ይህን የሚክሰው ውፍረቱ ነው። 45 ሴንቲ ሜትር የሚሆን የጭድ ግድግዳ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው የማዕድን ሱፍ የሚሠራውን ይሠራል። የእስሩ አቀማመጥም ለውጥ አለው፤ ሙቀት በአገዳው ርዝመት ከሚያልፈው ይልቅ አገዳውን አቋርጦ ለማለፍ ይቸገራል።

ልስኑም ሥራ አለው። ከውስጥ ያለው ወፍራም ጭቃ ቀን የገባውን ሙቀት ይጠጣል፤ ሌሊት ቀስ እያለ ይመልሰዋል። ስለዚህ ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው የቀኑን ሐሩርና የሌሊቱን ብርድ ለዝቦ ያገኘዋል።

ጥሩ ግንበኛ ሥራውን የሚጀምረው እስር በመምረጥ ነው። እስሩን በሲባጎው ይዞ ያነሳዋል። መሐሉ ከጎበጠ ወይም ሲባጎው ከላላ በደንብ አልተጠቀጠቀም፤ ወደ ጎን ይቀመጣል። ቀጥሎ እጁን ወደ እስሩ መሐል ያስገባል። ሙቀት ከተሰማው፣ የሻጋታ ሽታ ከመጣ ወይም ጥቁር ነጠብጣብ ካየ አይቀበለውም። በመጨረሻ ረጅም ዘንግ ያለው የእርጥበት መለኪያ ይሰካበታል። እርጥበቱ ከክብደቱ 20 በመቶ ካለፈ ግድግዳ ውስጥ አይገባም።

የተመረጡት እስሮች ከመሬት ከፍ ባለ የድንጋይ ወይም የኮንክሪት መሠረት ላይ እንደ ጡብ እየተጠላለፉ ይደረደራሉ። የነብራስካው ስልት ጣሪያውን ራሱን በጭዱ ላይ ያሳርፋል፤ የፌዬቱ ደግሞ ክብደቱን ለእንጨቱ ሰጥቶ ጭዱን መሙያ ያደርገዋል። ለመስኮት ጥግ ግማሽ እስር ሲያስፈልግ በሁለት ዓይኖቹ ሲባጎ የተሰካበት ረጅም የብረት መርፌ ወደ መሐሉ ይገባል፤ እስሩ ከሁለት ቦታ እንደ አዲስ ይታሰርና የቀድሞው ሲባጎ ይበጠሳል። አንዱ እስር ሁለት ሆነ ማለት ነው። ግድግዳው ሲያልቅ በማሰሪያ ቀበቶ ወይም በብረት ዘንግ ከላይ ወደ ታች ይጨመቃል። ይህ ካልተደረገ በጣሪያው ክብደት ሲሰጥም ልስኑን ይሰነጥቀዋል።

ከዚያ ምርጊቱ ይቀጥላል። የመጀመሪያው እጅ ቀጭን ጭቃ ነው፤ በመዳፍ እየተጫነ ወደ አገዳዎቹ መካከል እንዲገባ ይደረጋል። ካሱላ እዚህ ላይ አይጠቅምም፤ ጭቃው ጭዱን ጨብጦ እንዲይዝ የሚያደርገው የመዳፍ ግፊት ነው። ሁለተኛው እጅ አጭር ጭድ የተቀላቀለበት ወፍራም ጭቃ ሲሆን ግድግዳውን ያስተካክላል። ሦስተኛው ደቃቅ አፈር ወይም ኖራ ነው።

ስለዚህ ቤት የሚሰማ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ እሳት ነው። ብትን ጭድ በቅጽበት ይነድዳል፤ በግንባታ ወቅት ወለል ላይ የሚበተነው ጭድ በየዕለቱ የሚጠረገውም ለዚህ ነው። ተጠቅጥቆ የተለሰነው ግን አየር አያገኝም፤ እንደተዳፈነ ፍም ነበልባል ለማውጣት ይቸገራል። በ2006 በአሜሪካ በተደረገ የእሳት ፍተሻ ጭቃ የተለሰነው የጭድ ግድግዳ 1 ሰዓት፣ በሲሚንቶና በኖራ የተለሰነው ደግሞ 2 ሰዓት ተቋቁሟል። አይጥም ቢሆን የሚገባው ክፍተት ሲያገኝ ነው፤ ልስኑ ከወለል እስከ ጣሪያ ሳይቋረጥ ከዘለቀ መግቢያ የለውም።

የጭድ ግድግዳ ዋና ጠላት ውኃ ነው። በመስኮት ደፍ ስር የገባ ጠብታ ወይም ከቧንቧ የሚንጠባጠብ ውኃ መሐሉን ዓመቱን ሙሉ ካራሰው ጭዱ ይበሰብሳል። ስለዚህ የጣሪያው ክፈፍ ሰፊ ይሆናል፤ የውኃ ቧንቧም በውጭ ግድግዳ ውስጥ ባያልፍ ይመረጣል። በእሳት ፍተሻው የበለጠው ሲሚንቶ እዚህ ላይ ይከስራል፤ የገባውን እርጥበት አፍኖ ያስቀራል። ጭቃና ኖራ ግን እርጥበቱ በእንፋሎት መልክ እንዲወጣ ይፈቅዳሉ።

ብዙ ገንዘብ በሌለበትም ስልቱ ተሞክሯል። በ2005 የካሽሚር ርዕደ መሬት ከ70 ሺህ በላይ ሰዎች ከሞቱ በኋላ በሰሜን ፓኪስታን የጭድ ቤት የሚሠራ ፓክስባብ የተባለ ድርጅት ተቋቋመ። እስሮቹ በእጅ መጭመቂያ ይሠራሉ፤ ከልስኑ ስር የዓሣ ማጥመጃ መረብ ተዘርግቶ ግድግዳውን ያያይዘዋል። በ2009 የዚህ ቤት ሙሉ አምሳያ በኔቫዳ ዩኒቨርሲቲ በሚንቀጠቀጥ መድረክ ላይ ተፈተነ። በ1994 በሎስ አንጀለስ በካኖጋ ፓርክ የተመዘገበውን የርዕደ መሬት እንቅስቃሴ እጥፍ ሲያደርጉበት ተጎዳ፤ አልፈረሰም ግን።

በአውሮፓ ደግሞ ጭዱ በፋብሪካ በእንጨት ሳጥን ውስጥ ተሞልቶ እንደ ተዘጋጀ ግድግዳ ይመጣል። በእንግሊዝ ሊድስ በ2013 የተጠናቀቀው ሊላክ የተባለ የመኖሪያ ሰፈር 20 ቤቶች በዚህ መንገድ ተሠርተዋል። በፈረንሳይ ሳን ዲዬ ዴ ቮዥ ከተማ ደግሞ በእንጨትና በጭድ የቆመ ባለ ስምንት ፎቅ የመኖሪያ ሕንፃ አለ።

በኢትዮጵያ ጭድ ሥራ ፈትቶ አያውቅም። በበጋ የበሬና የላም ቀለብ ነው፤ ለግድግዳ የሚወጣው ጭድ ከእንስሳው ጋር ይሻማል። ርዝመቱም ይለያያል። በበሬ ኮቴ የተወቃ ጭድ ተሰባብሮ ያጥራል፤ ለምርጊት ይመቻል እንጂ ጠንካራ እስር አይወጣውም። ኮምባይነር በሚያጭድባቸው የአርሲና የባሌ የስንዴ ማሳዎች የሚቀረው አገዳ ግን ረዘም ያለ ነው። አዝመራውም የሚሰበሰበው ዝናቡ ካበቃ በኋላ ነው፤ ደረቅ እስር ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ ወቅት የለም። ጭቃን አቡክቶ፣ ረግጦ፣ በመዳፍ መርጎ የሚያውቅ እጅ ደግሞ በየመንደሩ አለ።

የሞንታርዢው ቤት በ2013 የፈረንሳይ ጭድ ገንቢዎች ማኅበር ከብዙ ሰዎች በሰበሰበው ገንዘብ ተገዝቶ የአገሪቱ የጭድ ግንባታ ማዕከል ሆኗል። የፌዬት ጭድ ከ1920 ጀምሮ በግድግዳው ውስጥ ነው፤ ጭድ ወደ ግድግዳ እንዴት እንደሚገባ ማወቅ የሚፈልግ ሰው የሚሄደውም ወደዚያው ቤት ነው።